አዳማ ውስጥ ሞተር የምታስጠቀልሉ አናጢዎች፣ ሽቦውን ፍቃችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

የጠረጴዛ መጋዛችሁ ሞተር ሲቃጠል፣ የተቃጠለውን የውስጥ ሽቦ አውልቀን «በኦርጅናል መዳብ እንጠቀልላለን» ለሚል ቤት ሰጥታችሁ እንዳትሄዱ። ዛሬ የተሠራብኝን ሌላ አናጢ ላይ እንዳይደግሙት ነው የምጽፈው።

እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ደጃፋቸው ላይ የተፈታታ ሞተር ይደረድራሉ፤ ሲቀበሏችሁ «ጋሼ፣ አያስቡ» ብለው ወንበር ያቀርባሉ፤ ቀብዱ ከተቆጠረ በኋላ «ነገ ይምጡ» ይጀመራል። እርሱን ታገስሁ። ሞተሬ ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ለዓመታት ዋንዛ ሲሰነጥቅ ኖሮ ኩሽኔቱ አለቀና ሽቦው ተቃጠለ እንጂ አካሉ ደህና ነበር። 14 ሺህ ብር ከፍዬ ወሰድሁት። ለሙሽሮች ቁም ሳጥን የያዝሁትን ጣውላ እኩሌታ እንኳ ሳያደርስ ጨሶ ቆመ።

ሌላ ባለሙያ ዘንድ አስከፈትሁት። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጎ ሰጠኝ፤ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። አሉሚኒየም! መዳብ ያስመሰለው ቫርኒሹ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የመዳብን 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያው ውፍረት የተጠቀለለ ሞተር ጭነት ሲበዛበት ይግላል። ዋንዛ የሚሰነጥቅ መጋዝ ደግሞ መቼ ነው ጭነት የማይበዛበት?

ሽቦውን ይዤ ተመለስሁ። ወንበር ያቀረበልኝ ልጅ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ከስልኩ ቀና ሳይል «የመብራት መዋዠቅ ነው» አለ። ሽቦውን ዓይኑ ሥር አስጠጋሁለት። «አንተ አናጢ ነህ፣ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ?» አለኝ። ጋሼነቴ ከብሩ ጋር አብሮ አልቋል። «ደረሰኝህ ላይ መዳብ የሚል አለ?» ሲል አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። ደረሰኙ «ሞተር ጥገና» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ከሞተሬ የወጣውን አሮጌ መዳብ መልሱልኝ ብል «የወለቀ ሽቦ የቤቱ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከጀርባው ግን በጆንያ የታጨቀ የተቃጠለ መዳብ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ነበር። የእኔም፣ የሌሎቻችሁም እዚያ ውስጥ አለ። በእኛ መዳብ ይነግዳሉ፣ ለእኛ አሉሚኒየም ይጠቀልላሉ፣ ስንጠይቅ ይሳለቁብናል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ሽቦውንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

እናንተ ግን ደረሰኙ ላይ «በመዳብ ሽቦ» ብለው እንዲጽፉ አድርጉ። አሮጌውን ሽቦ ተቀበሉ፤ አዲሱንም ሞተሩ ሳይገጠም ዓይናችሁ እያየ ይፋቅ።