ጅማ መርካቶ አጠገብ ያለችው መንፈሳዊ መጽሐፍ ቤት፦ ለጠንካራ አማኝ አምስት ኮከብ፣ ለሚጠራጠር ሁለት

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ጅማ ውስጥ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ጧፍ፣ ዕጣንና ማተብ በአንድ ዙር ገዝቶ ለመመለስ ከዚህች ሱቅ የተሻለ አላውቅም። ከመርካቶ ትንሽ ወጣ ብላ፣ በስልክ ጥገናና በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ መሀል ተሸጉጣለች። በሯ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል እንጂ ስም የለም። የባጃጅ ልጆች ግን "መጽሐፍ ቤቷ ጋ" ካላችኋቸው ያደርሷችኋል።

ጧፉ እውነተኛ የሰም ጧፍ ነው። ይሄን ቀላል ነገር አታድርጉት። ማር እንደ ልብ በሚገኝበት አገር እየኖርን ብዙ ሱቅ የሚሸጥልን ሻማ አቅልጠው የነከሩበትን ክር ነው፤ ሲበራ ይጨሳል፣ ግድግዳ ያጠቁራል። የዚህኛው ሲነድ ማር ማር ይላል። ዕጣኑንም አሽትታችሁ ግዙ፣ ሻጩ ልጅ አይቆጣም። ማተቡ ቀለም አይለቅም፣ ላብም ዝናብም አይቶ አሁንም ጥቁር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የ1954ቱ ትርጉም ነው፣ የኪስና መካከለኛ መጠን። ሌላው 81 መጻሕፍት የያዘው የ2000 ዓ.ም. እትም ነው። ሁለተኛው ከባድ ስለሆነ ለቤት ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ለመሄድ ክንድ ይፈልጋል። ዋጋው ከአዲስ አበባ ትንሽ ይጨምራል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ስለመጣ በዚህ አልጨቃጨቅም። የምጨቃጨቀው በአቀማመጡ ነው። የጅማን ክረምት እናውቀዋለን። መጽሐፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ ሙጫው ይለቃል። የገዛሁት ዳዊት ገና ጾሙ ሳይፈታ ከሽፋኑ ተፋታ። እባካችሁ መደርደሪያውን ከግድግዳው ትንሽ አርቁት።

አሁን ሁለት ኮከብ ወደሰጠሁበት ነገር ልምጣ።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ጸሎት እምቢ ብሎኛል። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ሰው ደህንነቴን ሲጠይቀኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ ማታ ብቻዬን ስቆም ግን የሚሰማኝ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣና አቡነ ዘበሰማያትን መሀል ላይ ያስተወኛል። ለጎረቤት ብነግር "ፈተና ነው፣ ያልፋል።" ለዘመድ ብነግር "ጸበል ግቢ።" ሁሉም በቅንነት ነው የሚሉት፣ አልቀየምም። እኔ ግን ይሄ ነገር የደረሰበት ሰው የጻፈውን ማንበብ ፈለግሁ። ሰው መጽሐፍ ሲፈልግ ደግሞ መጽሐፍ ቤት ነው የሚሄደው።

"ስለ ጥርጣሬ የሚያወራ መጽሐፍ ይኖራችኋል?" አልኩት ልጁን። ስልኩን አስቀመጠና "ለማን ነው?" አለኝ። "ለእኔ።" ትንሽ ደነገጠ። ሲነግረኝ እንዲህ ዓይነት የሚጠይቁ አይጠፉም፣ ግን ሁሉም ለወንድሜ ነው፣ ለጎረቤቴ ልጅ ነው ይላሉ። አብረን ሳቅን። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደልኝ፣ ስለ ክፉ መናፍስት ውጊያ። ወንድሜ እኔ ሰይጣን አስቸገረኝ አላልኩም፣ እግዚአብሔር ዝም አለኝ ነው ያልኩት። መለስኩለት።

ጊዜ ስለነበረኝ ሱቁን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ገድላት፣ ድርሳናት፣ ተአምራት፣ የወጣቶች ምክር፣ የትዳር ምክር፣ ስለ ንስሐ ብዙ፣ ስለ ጾም ብዙ። ሥዕሎቹም እንደዚያው። ጊዮርጊስ ዘንዶውን ወግቷል፣ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመዋል፣ አቦ ከአንበሶቻቸው ጋር ናቸው። ሁሉም የወሰኑና የጨረሱ ናቸው። አንድም ሰው እንደ እኔ በር ላይ የቆመ የለም። "የቶማስ ሥዕል አለ? እጁን ወደ ቁስሉ ሲዘረጋ?" ብዬ ጠየቅሁ። የለም። ቤተ ክርስቲያን እኮ ካላየሁ አላምንም ላለው ለዚህ ሰው ከፋሲካ ቀጥሎ ያለውን ማክሰኞ በስሙ ሰይማለታለች፣ በዳግም ትንሣኤም ታሪኩ ይነበባል። ሱቁ ግን አንድ ካርድ እንኳ የለውም።

ለፍትሕ ያህል፣ የሥራ ባልደረባዬ ጴንጤ ናት፣ እነሱ የሚገዙበት ሱቅም ወስዳኛለች። እዚያ ደግሞ ድል፣ በረከት፣ መሻገር፣ ፈገግ ያሉ ፓስተሮች ፎቶ። በዚያም በኩል የሚጠራጠር ሰው ደንበኛ አይደለም። ጓደኛዬ ዘይነባ ይህን ስነግራት "እኛም ሰፈር ሄደሽ ብትጠይቂ ያው ነው" ብላ አሳቀችኝ።

ወደ ሱቃችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ከሰዓት ብትሄዱ ሌላ ሱቅ ነው የምታገኙት። ባለቤቱ ያን ጊዜ ራሳቸው ይቀመጣሉ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ጥያቄውን ለእሳቸው ደገምኩት። "ለማን ነው" አላሉም። ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመውን ዳዊት አወጡና በርጩማ አቀረቡልኝ።

"ጋሼ፣ ይሄማ አለኝ። በየቀኑ የቀኑን እደግማለሁ።"

"መድገሙንስ ትደግሚያለሽ ልጄ። የሚለውን ሰምተሽዋል?"

ለማታውቁ፣ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ነው የሚደገመው። ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። ጋሼ ከሰኞ ጀመሩ። 12ኛው እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ ይነሳል። 21ኛው ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸበት ነው፣ "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ።" (የ1954ቱን የያዛችሁ በአብዛኛው አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ 13 እና 22 ነው የሚሆነው።) ረቡዕ ላይ 72ኛው አለ፣ ክፉዎች ሲመቻቸው አይቶ እግሩ ሊንሸራተት ምንም ያልቀረው ሰው። ሐሙስ 87ኛው አለ። ይሄኛው የባሰ ነው። ሌሎቹ ቢያንስ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ ይሄ አይዞርም፣ እንደጨለመበት ያልቃል። እኔ ይሄን ሁሉ ሐሙስ ጠዋት ሥራ እንዳይረፍድብኝ እየሮጥኩ ስደግመው ኖሬያለሁ።

"እንግዲህ ይሄን ያለ ሰው ሃይማኖት የለውም ልትዪ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው መጥምቁ ዮሐንስን አመጡ። በገዛ እጁ ያጠመቀውን ጌታ፣ ወህኒ ሲገባ "የምትመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ" ብሎ ልኮ አስጠየቀው። ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባትስ? አምናለሁ ባለበት አፉ አለማመኔን እርዳው አለ፣ ልጁም ዳነለት። ጋሼ ስብከት አላደረጉትም። ገጹን እያወጡ ምልክት አደረጉልኝና ደንበኛ መጣ፣ ዕጣን ሊመዝኑ ተነሱ።

ችግሬ ተፈታ እያልኩ አይደለም፣ ማታ ማታ አሁንም ያው ነው። ግን ዝምታውን ይዤ መጸለይ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ በርጩማ ላይ ነው፣ ለአንድ ሱቅ ይሄ ትንሽ አገልግሎት አይደለም። ሁለት ኮከብ የሰጠሁትም ለዚህ ነው፣ ባይሆን ዜሮ ነበር።

ታዲያ ጋሼ የሚያውቁትን ልጁ ለምን አያውቅም? ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ የሚውለው እኮ እሱ ነው። እኔ ጥያቄዬን ደግሜ የምጠይቅ ደረቅ ነኝ፣ ሌላው ግን የመናፍስቱን መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ይገባና የባሰ ይፈራል። ከእነዚህ መዝሙሮች የሁለት የሦስቱን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ዳዊቱ ውስጥ ማስገባት ምን ያህል ያስወጣል? ለጋሼ ይሄን ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺ ይሁን አይሁን አልገባኝም። የቶማስን ሥዕል እንዲያስመጡ ስጠይቅ ግን መልሱ ግልጽ ነበር።

"ማን ይገዛዋል?"

"እኔ።"

"አንድ ሰው!"

ከሸማች ወገን የሆናችሁ እስቲ ጠይቁላቸው፣ ሁለት ሦስት ከሆንን ሳያስመጡ አይቀሩም።

በተረፈ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ዝርዝር ያስፈልጋችኋል። በክረምት መጽሐፍ ከገዛችሁ በፌስታል አስጠቅልሉት። ቅዳሜ ስትሄዱም ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጋሼ ወሬ ከጀመሩ ቶሎ አይለቁም፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ደግሞ ጧፉን ገዝቶ ቶሎ ለመሄድ ነው የመጣው።