ጅቡቲ ወይስ አይስላንድ፦ ትንሽ አገር ከኃያል ጋር ስትዋዋል

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው የጭነት መኪና አብዛኛውን ጊዜ መድረሻው ጅቡቲ ነው። ስለዚህ የዚያች አገር የመከላከያ ውል ለእኛ ለወሎዬዎች የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ የፈረንሳይ ጦር እዚያው ቀረ። በኋላ አሜሪካ፣ ጃፓንና ጣሊያን፣ በ2017 ደግሞ ቻይና የጦር ሰፈር ከፈቱ። አገሪቱ ከኪራይ ገቢ ታገኛለች፤ አንዱ ቢሄድም ሌላው አለ። ነገር ግን ተፎካካሪዎች በጠባብ ምድር ጎን ለጎን መስፈራቸው በእጅጉ ያሳስበኛል። በ2018 አሜሪካ አብራሪዎቿ ከቻይና ሰፈር በኩል በመጣ ሌዘር ዓይናቸው እንደተጎዳ ገልጻ ከሰሰች፤ ቻይና አስተባበለች። እሳቱ ቢነሳ የእኛም ወደብ እዚያው ነው።

አይስላንድ መደበኛ ጦር የላትም። በ1949 የምዕራባውያን የጋራ መከላከያ ማኅበር ከሆነው ከኔቶ መሥራቾች አንዷ ሆነች፤ በ1951 ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ውል ፈረመች። በ2006 አሜሪካ ጦሯን በአይስላንድ ከሚገኘው የኬፍላቪክ ሰፈር ያስወጣችው በራሷ ውሳኔ ነው፤ የአንድ ወዳጅ ጥገኛ መሆን አደጋው ይኸው ነው። ሆኖም ውሉ ጸንቷል፤ ከ2008 ጀምሮ የኔቶ አባላት ተዋጊ አውሮፕላኖች በየተወሰነ ጊዜ እየተፈራረቁ ሰማይዋን ይጠብቃሉ።

እኔ የአይስላንድን መንገድ እመርጣለሁ። ጅቡቲ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መከላከያ ማኅበር በአካባቢዋ ስለሌላት በምርጫዋ አልፈርድባትም።