ሳውንድ ካርዱ አልተቃጠለም! ምስጋና ለጠባሴዋ እህታችን

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለማኅበር ከላፕቶፕ ሙዚቃ የምታጫውቱ ሁሉ፣ ይህችን ጽሁፍ ሳትጨርሱ እንዳታልፉ። ጠባሴ የምትሠራ የኮምፒውተርና የድምፅ ባለሙያ እህታችንን በአደባባይ ማመስገን አለብን። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው» ስላለች አንጽፈውም።

በሽታው እንዲህ ነበር። ከላፕቶፑ ወደ ሚክሰር (ድምፆችን አዋሕዶ ወደ ስፒከር የሚልከው ዕቃ) የሚገባው ሙዚቃ ይሻክራል፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ ከሥር «እንንን» የሚል ድምፅ አያቋርጥም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዘፋኙ የለም! ክራሩ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ተቀባዮቹም ይሰማሉ፤ ዋናው ድምፅ ጉድጓድ የገባ ይመስላል።

እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት ላፕቶፑ ሦስት ቦታ ዞሯል። አንዱ ሳይጠይቅ ፎርማት አድርጎ የተጠራቀመውን ፋይል ሁሉ አጠፋ። ሁለተኛው ዊንዶውስ ላይ «ሞኖ ኦዲዮ» የምትለዋን (ግራና ቀኙን አንድ ዓይነት የምታደርገውን) ሲያበራ ድምፁ ጭራሽ ጠፋበትና «ሳውንድ ካርዱ (የላፕቶፑ ድምፅ አውጪ ክፍል) ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርድ (ዋናውን ሰሌዳ) ግዙ» ብሎ ፈረደ። ሦስተኛው ስፒከሩን ፈትቶ የወረቀቱን መቀደድ ሲፈልግ ዋለ፤ አልተቀደደም። ሦስቱም ተከፍሏቸዋል። የማን ቤት እንደሆነ አንናገርም፤ ግን ያንገበግባል።

እህታችን መፍቻ እንኳን አላነሳችም። ላፕቶፑን ከሚክሰሩ ነቅላ የራሷን የጆሮ ማዳመጫ ሰካችና ያንኑ ዘፈን ከፈተችው። ዘፋኙ ቁልጭ ብሎ መጣ፣ የከበሮው መሰንጠቅ ግን አልቀረም። «ሁለት በሽታ ነው፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ ወዲያ» አለች። ይህን ለመለየት የፈጀባት አንድ ዘፈን እንኳን አይሞላም።

የውስጡ ቀላል ነበር። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ቮሊዩሙ 125 በመቶ ላይ ነው፣ ኢኳላይዘሩ (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ላይ ቤዙ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ በዚያ ላይ የዊንዶውስ «ኢንሃንስመንትስ» (ድምፅ ማሳመሪያው) በርቷል። ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ 16 ቢት በሆነ ድምፅ ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚገፋው የድምፅ ማዕበል አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያ መሰንጠቅ እሱ ነው፣ ከበሮው ላይ የሚብሰውም ከሁሉ ከፍ የሚለው የከበሮ ምት ስለሆነ ነው። ቤዝ በ6 ዴሲቤል ሲጨመር የማዕበሉ ቁመት እጥፍ ይሆናል፤ የግድ መጨመር ካለበት ፕሪአምፑ (ኢኳላይዘሩ ላይ ያለው የጠቅላላው ድምፅ መጠን) በዚያው ልክ ይቀነሳል። እሷ ቪኤልሲውን 100 ላይ መለሰች፣ ኢኳላይዘሩን ዘጋች፣ ከዚያ ሳውንድ ሴቲንግ ገብታ ስፒከሩ ላይ በቀኝ ተጭና ፕሮፐርቲስ፣ ኢንሃንስመንትስ፣ «ዲሴብል ኦል» አለችው። (በዊንዶውስ 11 «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» የምትለዋን ኦፍ ማድረግ ነው።) ድምፅ ካነሰ የሚጨመረው ሚክሰሩ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ዘፋኙ። ኬብሉን መልሳ ሚክሰሩ ላይ ሰካች፣ ዘፋኙ ወዲያው ጠፋ። ያኔ እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሌቭልስ» ገብታ «ባላንስ» ከፈተችና የቀኙን ጎን ቀስ እያለች ወደ 0 አወረደችው። ቁጥሩ በወረደ መጠን ዘፋኙ ከጉድጓዱ እየወጣ መጣ። 0 ላይ ሲደርስ ፊት ለፊት ቆሞ የሚዘፍን መሰለ። ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ እሷ ግን «ኬብሉ ነዋ!» ብላ ሻይዋን አነሳች።

ነገሩ ይህ ነው። የላፕቶፑ ጃክ ጫፉ ግራ፣ መሐሉ ቀኝ፣ ሥሩ የጋራ ነው። ሚክሰሩ ላይ የተሰካበት ባላንስድ ቀዳዳ (አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ የሚቀበል) ግን ሁለቱን እንደ ግራና ቀኝ አያያቸውም፤ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ዘፋኙ በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚቀዳ 5 ሲቀነስ 5 ዜሮ ይሆናል። ወደ አንድ ጎን ያደላው ክራር ይተርፋል። «ሞኖ» ሲበራ ሁሉም ነገር እኩል ስለሚሆን ሁሉም ይጠፋል። ያ ተቃጠለ የተባለው ሳውንድ ካርድ እንግዲህ ጤነኛ ነበር ማለት ነው! ስንት ሰው በዚህ ማዘርቦርድ ቀይሮ ይሆን?

መድኃኒቱ አንድ ኬብል ነው፤ በአንድ ወገን 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ፣ በሌላው ሁለት ሞኖ ጃክ። ሁለቱ በሁለት ቻናል ይገባሉ፣ አንዱ ፓኑ (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ቀኝ የሚያዞረው ቁልፍ) ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል። የሚገባውም «ላይን» በሚለው ቀዳዳ ነው። የማይክ ቀዳዳ ሚሊቮልት ነው የሚጠብቀው፤ ከላፕቶፕ እስከ 1 ቮልት የሚጠጋ ስለሚመጣ ጌይኑ (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ ቁልፉ) ዜሮ ላይ ሆኖም ሊሻክር ይችላል።

«እንንን» የሚለው የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ መንገዱ በእሱ በኩል ነው። ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (በመሬት መስመር የሚዞረውን ጉርምርምታ የሚለይ ትንሽ ዕቃ) መሐል ይገባል። የመሬት መስመሩን ቆርጣችሁ «ተስተካከለ» የምትሉ ግን ተዉ፤ ማይኩን የያዘውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

ተጨምቆ በቴሌግራም የመጣን 64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 320 ብትቀይሩት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የጠፋው አይመለስም፤ ይህን እሷም መፈወስ አትችልም።

«ካርድ እንግዛና ግጠሚልን» ስትባል «ብሩን ለኬብሉ አድርጉት» ነው ያለችው። የኬብሉን ዋጋ ወሰደች፣ የእጇን በግድ ነው የተቀበለችው። እግዚአብሔር ይስጥልን እህታችን! ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ የምትመጡም አትሳሳቱ፣ እሷ ጋ ሂዱ። ስልኳን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግልን። ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ እንዳትይዙ፤ ኬብሉንም ቻርጀሩንም ጨምሩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነሱን ነው።