ጥርሱን ተክለው ዛሬም ለሚከታተሉኝ ሐኪም

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የተከሉልኝ የመንጋጋ ጥርስ ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ያለ ሐሳብ አኝክበታለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጽፈውም፤ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ።

ጥርስ የሚተክል ሐኪም አይጠፋም። እኚህን የማመሰግናቸው ከተከሉ በኋላ ስለሠሩት ሥራ ነው። ገና ሳይጀምሩ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ኢምፕላንቱ፣ ማለትም እንደ ጥርስ ሥር አጥንት ውስጥ የሚተከለው ቲታኒየም የተባለ ብረት፣ ከአጥንቱ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደ ጥርስም አይቦረቦርም። ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም። ሲጋራና ያልተስተካከለ ስኳር ደግሞ ያባብሱታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ራጅ አስቀምጠው፣ በየቀጠሮው አዲሱን ከሱ ጋር እያስተያዩ አጥንቱ የት እንደደረሰ ያሳዩኛል። ድዱንም በቀጭን መለኪያ ዙሪያውን ይፈትሹታል።

አንድ ጊዜ ክራውኑ፣ ማለትም ከኢምፕላንቱ በላይ የሚታየው የጥርስ ቅርጽ፣ ተነቃነቀብኝና ደንግጬ ሄድኩ። ኢምፕላንቱ ደህና ነበር፤ የላላው ክራውኑን የያዘው ብሎን ነው። ፈትተው፣ አጽድተው አጠበቁት። እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን "ለምን ላላ?" ብለው ንክሻዬን መረመሩ። ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ የታወቀው ያኔ ነው። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት ኢምፕላንት ስለሌለው፣ ጫና ሲበዛበት እንደ ጥርስ አያስታውቅም። ተኝቼ የማደርገው መከላከያ ሠሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብሎኑ ላልቶ አያውቅም።

ስፈራ ያበረቱኝ የነበረው የቲታኒየም ጥርስ ኢምፕላንት መጀመሪያ በተተከለለት ሰው፣ በጎስታ ላርሶን ታሪክ ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ተከሉለት፤ በ2006 እስኪሞት ድረስ ሲጠቀምባቸው ኖረ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጥርሴን የምታጸዳልኝ ባለሙያ እህቴም ትመስገን፤ በጥርስ መሃል የሚገባውን ቀጭን ብሩሽ አያያዝ እጄን ይዛ ነው ያስተማረችኝ።

ልታስተክሉ ያሰባችሁ፣ ወደ እሳቸውም ሂዱ ወደ ሌላ፣ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተተከለ በኋላ ክትትሉ እንዴት ነው? የኢምፕላንቱን ዓይነትና መጠን በጽሑፍ ይሰጡኛል? የኔ ሐኪም ሳልጠይቃቸው ነው ጽፈው የሰጡኝ። ከዓመታት በኋላ ብሎን መቀየር ቢያስፈልግና ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄዱ፣ የሚገጥመውን የሚያገኘው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።