ኪልኬኒ ካስልና አካባቢው፣ አየርላንድ

ኪልኬኒ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ካስሉን (የድሮውን ግንብ ቤተ መንግስት) እዩት። በትለር የሚባሉት ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1391 ገዝተውት ስንት መቶ አመት ከያዙት በኋላ በ1967 ለከተማው ህዝብ በ50 ፓውንድ ለቀቁላቸው፣ አዎ 50 ፓውንድ ብቻ 😂 ውስጥ ያለው ሎንግ ጋለሪ ጣሪያው በስእል የተሞላ ስለሆነ አንገቴን እስኪያመኝ ቀና ብዬ ቀረሁ። ከመንገዱ ማዶ የነበረው የፈረስ ጋጣ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ዲዛይን ወርክሾፕ ተቀይሯል፣ ሳያፈርሱ አዲስ ስራ መስጠት እንዲህ ነው እንጂ! ብላክ አቢይ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1225 የተመሰረተው ገዳም ቆንጆ ነው ግን ቸኩዬ ነው ያየሁት። ሴንት ካኒስ ካቴድራል ጎን ያለው ክብ ግንብ ላይ መውጣት ይቻላል፣ 30 ሜትር ገደማ ነው፣ ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ ደረጃው ግን ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ከፍታ የምትፈሩ ይቅርባችሁ፣ እኔ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከ5ቱ 4 ኮከብ።