ቴሌግራም ወይስ የመምህራን ማረፊያ ክፍል?

ወሎ ውስጥ አዲስ ፒጂዲቲ (ዲግሪ ላላቸው የሚሰጥ የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) የሚከፍት ዩኒቨርሲቲ ሁለት የማስተዋወቂያ መንገድ አለው፤ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ወይም ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ።

ቴሌግራም ፈጣንና ርካሽ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ሆነው የለቀቁት በደቂቃ ወረኢሉ ይደርሳል። ችግሩ የሚለጠፈው ነገር ነው። ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ተነስቶ፣ ጎኑ ተቆርጦ ይለቀቃል። የምዝገባው ቀን እንኳ በቅጡ አይነበብም።

ትምህርት ቤት መሄድ ግን ሌላ ነው። በእረፍት ሰዓት፣ እጁን ጠመኔ ያነጣው የፊዚክስ መምህር ሻዩን ይዞ ይጠጋችኋል። «ቅዳሜና እሁድ ነው ወይስ ክረምት? ከባቲ እየተመላለስኩ እችለዋለሁ? ክፍያውስ ተከፋፍሎ ይከፈላል?» ዲግሪው አፕላይድ ነው፤ የማስተማር ሙያ አልተማረበትም። ፊዚክሱን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። 60 ልጅ የታጨቀበትን ክፍል እንዴት እንደሚይዝ ግን ማንም አላሳየውም። ኮርሱ የሚከፈተው እኮ ለእሱ ነው!

እርግጥ ነዳጅ ይፈጃል፣ ጊዜም ይወስዳል። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን እኔ መኪናውን አስነሱ ነው የምለው። ከኮምቦልቻ ጀምሩ፤ ሐይቅንም አትዝለሉ። ፒጂዲቲ ቀድሞ የወሰደ አንድ መምህር አብሯችሁ ይሂድ፤ ባልደረባ የሚያምነው ባልደረባውን ነው። ቴሌግራሙ ለማስታወሻ ይሁን፤ ቀኑን በትልቁ ጻፉበት።