ኢንስታንት ፖት ለሐበሻ ሥጋ ወጥ፦ ቅቅሉን ያሳምራል፣ ቁሌቱን ግን አይችለውም

የኢንስታንት ፖት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የግፊት ድስት፣ ካርቶን ላይ «ሰባት በአንድ» ይላል። ሥጋ ለሚበዛበት የሐበሻ ማድ ቤት ግን ከሰባቱ ዋጋውን የሚያወጣው አንዱ ብቻ ነው፤ ግፊቱ። እዚህ የምናየው ባለ 5.7 ሊትሩን፣ 1,000 ዋቱን ኢንስታንት ፖት ዱኦ ነው። መለኪያችንም ሩዝና እርጎ ሳይሆን ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ ዶሮ ወጥና ጥብስ ነው።

በቅቅል እንጀምር፤ እዚህ ላይ አንጀት ያርሳል። ቅልጥም፣ ፍርምባ፣ ጎድንና ወርች ጅማት የበዛባቸው ናቸው። ጅማቱ ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ነው። በተራ ድስት ሦስት ሰዓት የሚያስጠብቅ ቅልጥም እዚህ በ45 ደቂቃ አጥንቱን ይለቃል፣ መረቁም ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ ይረጋል። ለ1.5 ኪሎ ጎድንና ቅልጥም 1.5 ሊትር ውሃ ይበቃል። ከድስቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ መሙላት ክልክል ስለሆነ ብዙ አትጨምሩ። ውሃው ስለማይተን ሲከደን የነበረው መጠን ሲከፈትም እዚያው ነው፤ በተራ ድስት የለመደ እጅ ውሃ ያበዛና መረቁን ያቀጥነዋል።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት በ«ሳውቴ» (ያለ ግፊት፣ ክፍቱን ማብሰያው ቁልፍ) አፍልታችሁ አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ አረፋው ከቀረ ከሞራው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ የእንፋሎቱን ቫልቭ ይደፍናል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ገብቶ ይከደናል። ድንችና ቃሪያ የሚገቡት ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከሥጋው ጋር 45 ደቂቃ የቆየ ድንች ይሟሟል።

ሰዓቱ ሲያልቅ እጃችሁን ወደ መልቀቂያው አትስደዱ። እንፋሎቱ በድንገት ሲለቀቅ በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ይወጣና ሥጋው እንደ ገመድ ይደርቃል፤ ከቫልቩም ቅባት የበዛበት መረቅ ይረጫል። ለ20 ደቂቃ ተዉት። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ራሷ ዝቅ ትላለች፣ ያኔ ክፈቱ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይለወጣል። የማሽኑ ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ላይ የሚደመር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውስጡ ከ115 እስከ 118 ዲግሪ ይደርሳል። ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ግን ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ማሽኑም ከ111 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። መመሪያው ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር 5 በመቶ ጊዜ ጨምሩ ይላል፤ ለአዲስ አበባ ወደ 30 በመቶ ይመጣል። አሜሪካ ካለ ዘመድ የተላከ «20 ደቂቃ በቂ ነው» የሚል ምክር እዚህ 26 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር ላላችሁም 17 በመቶ ገደማ ጨምሩ። የአገር ቤት በሬ ብዙ ጊዜ ያረሰና የተራመደ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ምርቃት አይጎዳውም።

አሁን ወደ ቁሌቱ። ብዙ ሰው በማሽኑ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው፣ ጥፋቱ ግን የማሽኑ ብቻ አይደለም። ቁሌት ማለት የሽንኩርት ውሃ ማትነን ነው፤ የተከደነ ዕቃ ደግሞ ምንም አያተንም። ጥሬ ሽንኩርት፣ በርበሬና ሥጋ አብሮ ከድኖ የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ሥጋው የበሰለ፣ ሽንኩርቱ የሚጣፍጥ ግን ጥሬ ጥሬ የሚሸት፣ በርበሬውና ቅቤው ተለያይተው የሚንሳፈፉበት ቀይ ሾርባ ነው። እንጀራውን ያረጥባል እንጂ አይያዝበትም።

በ«ሳውቴ» ክዳኑን ከፍቶ ማቁላላት ይቻላል፣ ግን ያሰለቻል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ ጠባቡን ድስት ይሞላና ከታች ሲያርር ከላይ ገና ጥሬ ነው። ወለሉ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ቅቤው ወደ ዳር ይሸሻል። ማሽኑም በ30 ደቂቃ ራሱን ያጠፋል፤ ቁሌቱ ግን አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሰፊ ድስትና ምድጃ እያለ ይህን መታገል አያስፈልግም።

የሚሠራው መንገድ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በሰፊ ድስት ጣዱ። ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ወለል ተከፍቶ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሳይሸፈን ከቆየ ውሃው አልቋል። ያኔ 150 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ቀጥሎ 80 ግራም በርበሬ ጨምሩና ጠብታ ጠብታ ሙቅ ውሃ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ አቁላሉ። በርበሬው ውሃ ካጣ በአንድ ደቂቃ ያርርና ይመራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ በምንም አይመለስም። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ ዝንጅብል። ቅቤው በዳር በዳሩ ቀይ ሆኖ ሲለይ ደርሷል። በዚሁ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አንድ ኪሎ ወርች በትልልቁ ተቆርጦ፣ ከአንድ ተኩል ኩባያ ውሃና ከጥቂት ጨው ጋር 15 ደቂቃ ግፊት ያገኛል፤ አዲስ አበባ ላይ 20። ሥጋው ሊበስል ትንሽ ሲቀረው ወደ ቁሌቱ ይገባል፣ መረቁም በውሃ ምትክ እየተጨመረ 25 ደቂቃ አብረው ይንተከተካሉ። እነዚህን 25 ደቂቃዎች አታሳጥሩ፤ ሥጋው በርበሬውን የሚጠጣው ያን ጊዜ ነው። መከለሻው መጨረሻ ላይ።

ሁሉንም በአንዱ ማሽን ልጨርስ የሚል ሰው ደግሞ «በርን» የሚለውን ጽሑፍ ይተዋወቃል። ወፍራም ቁሌት ወለሉ ላይ ሲጣበቅ ሙቀት መለኪያው ድስቱ ያረረ ይመስለውና ግፊት ከመያዙ በፊት ያቆማል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ነው፦ አንድ ተኩል ኩባያ ሙቅ ውሃ ከታች፣ ወለሉን በእንጨት ማማሰያ እስኪለሰልስ መፋቅ፣ ሥጋው በላዩ፣ ቁሌቱ ከሁሉም በላይ። አታማስሉት። ሲከፈት ይዋሐዳል፣ ከዚያ ክፍቱን በ«ሳውቴ» 15 ደቂቃ ማጠንፈፍ ይቀራል።

ዶሮ ላይ ፍርዱ አጭር ነው። የፈረንጅ ዶሮ ግፊት ውስጥ አይገባም፤ በስምንት ደቂቃ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቅና 12ቱን ብልት ለይቶ ማቅረብ ዘበት ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ፣ በተለይ እንቁላል ጥላ ያረጀች፣ 25 ደቂቃ ትችላለች። እንቁላሉን ግን በማሽኑ ቀቅሉ፦ አምስት ደቂቃ ግፊት፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ልጣጩ በአንድ ጊዜ ይወልቃል፤ 12 እንቁላል ለላጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥብስ አይሠራበትም፣ በቃ። ግማሽ ኪሎ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲገባ የወለሉ ሙቀት ይወርዳል፣ ሥጋው ውሃ ይለቃል፣ የድስቱ ረጅም ግድግዳ እንፋሎቱን ያፍነዋል፤ ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም። ጥብስ የሚፈልገው ከባድ የብረት መጥበሻ ነው። ጭስ ጭስ እስኪል ይጋል፣ ሽንጥ ወይም ዳቢት በአንድ ዙር ከ300 ግራም ሳይበልጥ ይግባ፣ አንዱ ጎን እስኪጠቁር አይነካ። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ሥጋው መልክ ከያዘ በኋላ ነው፤ ጨውም እንዲሁ። ሸክላው ለማቅረቢያ ድንቅ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፤ ግን ጋል ያለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ካለ ይሰነጠቃል።

«ስሎው ኩክ» የሚለውን በዝግታ ማብሰያ ቁልፍ እርሱት። የሚሞቀው ከታች ብቻ ስለሆነ ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ ዕቃ ይደክማል።

ስለ ጎማው። ክዳኑ ውስጥ ያለው የሲሊኮን ጎማ የበርበሬና የንጥር ቅቤ ሽታ ጠጥቶ ያስቀራል፤ በኮምጣጤ ቢዘፈዘፍም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሁለት ጎማ ያዙ፣ አንዱ ለወጥ፣ ሌላው ለሩዝና ለገንፎ። በየ12 እስከ 18 ወሩ መቀየር አለበት፤ ከዳር እንፋሎት ማፍሰስ ከጀመረ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው። መጠኑም የቤተሰብ ነው። በአንድ ዙር ለስድስት ሰባት ሰው ይበቃል፣ ለማኅበር ወይም ለበዓል ግን በሁለት ዙር እንኳ አይደርስም።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ በምድጃ ላይ የሚጣደው ባለ ፊሽካ ፕሬዠር ይሻላል፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። በርከት ያሉት ሞዴሎች ግፊታቸው ከዚህ ከፍ ስለሚል አዲስ አበባ ላይ ወደ 117 ዲግሪ ይደርሳሉ፤ ማለትም ኢንስታንት ፖት ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያደርገውን እዚህ ያደርጋሉ። በቡታጋዝም ይሠራሉ። ጉዳታቸው አጠገባቸው ቆሞ እሳት መቀነስ ማስፈለጉ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ ትንሿ የሻንጣ መለወጫም 1,000 ዋት አትሸከምም። ቢያንስ 1,500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ስለዚህ ለአገር ቤት የሚገዛ ሰው ከ220 እስከ 240 ቮልት የተጻፈበትን ይፈልግ። ከዱባይና ከዶሃ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው ብቻ በአገር ቤቱ ክብ መሰኪያ ይቀየር።